ንብ የነደፈው ሰው ሲወድቅና ምላስ ሥር የሚሟሟው እንክብል ሲመጣ

መንዝ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ስሠራ ያፈርኩበት ቀን ቢኖር የዚያ የኅዳር ማር ቆረጣ ምሽት ነው። አንድ አዛውንት በቃሬዛ መጡ። አንገታቸው ላይ ሁለት ንብ ብቻ ነድፋቸዋለች፤ ገላቸው በሙሉ ሽፍ ብሏል፣ ድምፃቸው ጎርንኗል። እኔ ሽፍታውን አየሁና የአለርጂ ማስታገሻ አነሣሁ። ትንፋሻቸውን ማድመጥ ነበረብኝ። ሕይወት አዳኙን የአድሬናሊን መርፌ አምፑል የሰበርኩት የደም ግፊታቸው ከወረደ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ።

እንግዲህ ከዚያ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ንብ የነደፈው ወይም መድኃኒት የተወጋ ሰው ወዲያው ሽፍታ ወጥቶበት ትንፋሽ ካጠረው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ራሱን ካዞረው አናፊላክሲስ፣ ማለትም መላ ሰውነትን በድንገት የሚያጠቃ ገዳይ አለርጂ ነው ብላችሁ ተነሡ። በጀርባው አስተኙት፤ እግሩን በተጠቀለለ ጋቢ ከፍ አድርጉለት። ትንፋሹ ካስጨነቀው ይቀመጥ፤ ካስመለሰው በጎኑ ይተኛ። ለሁለት ደግፎ ማራመድን ግን ተዉ፤ ብድግ ሲል ወደ ልቡ የሚመለሰው ደም ድንገት ይቀንስና ሊሞት ይችላል። ወተትም ቅቤም አትጋቱት። በእንግሊዝ አገር በዚህ ሕመም የሞቱ ሰዎችን የመረመረ ጥናት እንዳሳየው፣ ከንድፊያ እስከ ልብ ወይም ትንፋሽ መቆም ያለው መካከለኛ ጊዜ 15 ደቂቃ ነው። በእኛ ዳገት 15 ደቂቃ የት ያደርሳል?

ለሥራ ባልደረቦቼ፦ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም አድሬናሊን ካለው አምፑል ለአዋቂ ግማሹ፣ ለሕፃን በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም፣ በጭን መሐል ውጫዊ ጎን ጡንቻ ላይ ይወጋል። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ከዳነም በኋላ ለሰዓታት አታሰናብቱት፤ ሕመሙ ዳግም ሳይነደፍ ሊመለስ ይችላል።

የሚገርመው፣ አድሬናሊን ለዚህ ሕመም ከባዶ መርፌ ጋር ተነጻጽሮ አልተፈተነም። እየታፈነ ላለ ሰው ማን ባዶ ውኃ ይወጋል? አለርጂ የሚያመጣውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ እየሰጠ ሰውነትን የሚያለማምደው፣ ምላስ ሥር የሚቀመጠው የአለርጂ ሕክምና ግን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሙም ታካሚውም የትኛው እውነተኛው መድኃኒት እንደሆነ ሳያውቁ ሲፈተን ኖሯል።

ባለፈው ወር የእኅቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን ይህንኑ እንክብል ይዛ መጣች፤ ዘመድ ከውጭ ልኮላት ነው። ባናዋን ባራገፈች ቁጥር ታስነጥሳለች።

«አክስቴ፣ ለንብም ይሆናል አሉኝ።»

አይሆንም። ይኼኛው የተሠራው ቤት አቧራ ውስጥ ለሚኖሩ፣ በዓይን ለማይታዩ ነፍሳት ነው። ለንብ መርዝ የሚሰጠው ሕክምና በየጊዜው ከቆዳ ሥር የሚወጋ ሌላ ነገር ነው። እንክብሉም ቢሆን አለርጂው በምርመራ ሳይረጋገጥ አይጀመርም። የመጀመሪያው ሐኪም ፊት ይወሰድና 30 ደቂቃ ይጠበቃል፤ አልፎ አልፎ እርሱ ራሱ አናፊላክሲስ ያመጣልና። አፍ ማሳከኩ ግን የተለመደ ነው። ከዚያ ቤት ውስጥ በየቀኑ ምላስ ሥር ይሟሟል፤ ለአንድ ደቂቃ አይዋጥም፣ ለ5 ደቂቃ አይበላም አይጠጣም። ጥርስ የተነቀለ ወይም አፉ የቆሰለ እስኪድን ያቋርጣል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓመት።

«ሌሊት ደረትሽ ያፏጫል?» አልኳት።

«በክረምትማ እንቅልፍ የለኝም።»

«እንግዲያው እሽጉን አትክፈቺው። መጀመሪያ አስሙ ይታከም።»