ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ ክሩዝ ልትይዙ ነው? እኛ የሠራናቸውን ስህተቶች አትድገሙ

በጃንዋሪ 2020 ለወላጆቼ 40ኛ ዓመት የጋብቻ በዓል ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ያዝን። ዘጠኝ ሰው፣ አራት ክፍል፣ ከባልቲሞር ተነስቶ ባሃማስ ደርሶ የሚመለስ። ሜሪላንድ ለምንኖር ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአውሮፕላን ጣጣ የለ፣ ሻንጣ ማስመዘን የለ። መኪናን ወደቡ ላይ አቁሞ መርከብ ላይ መውጣት ብቻ ነው። ገንዘቡን ከሁሉም የሰበሰብኩት እኔ ነበርኩ። የጉዞው ቀን ኤፕሪል ላይ ነበር። ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ የኮሮና ዝርያ በመጣ ቁጥር "ክሩዝ እንያዝ ወይስ እንተው?" ብለው የሚደውሉልኝ ዘመዶችና ወዳጆች አልጠፉም። የየሰዉ ዕድሜ፣ ጤናና ኪስ ስለሚለያይ ያዙ ወይም ተዉ አልላቸውም። አንድ ነገር ግን ለሁሉም እላለሁ። ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ ትልቁ ሀብት ሐሳብን የመቀየር መብት ነው። ያንን መብት በስንት ዶላር እንደያዛችሁት፣ መቼ እንደሚያበቃ እወቁ። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው።

"እታመም ይሆን?" ብሎ ብቻ መጠየቅ

ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንን ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን አይበቃም። ሁለተኛው ጥያቄ "መርከቡ ላይ እያለሁ ነገሩ ቢበላሽ የት እቀራለሁ?" የሚለው ነው።

ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለውን መርከብ አስታውሱ። በፌብሩዋሪ 2020 ጃፓን፣ ዮኮሃማ ወደብ ላይ 3,711 ሰው ይዞ ቆመ። ተሳፋሪዎች ለ14 ቀን ከክፍላቸው እንዳይወጡ ተደረገ። መስኮት በሌለው ክፍል የነበሩት አየር እንዲያገኙ የሚወጡት ለአጭር ጊዜ ብቻ ነበር። በመጨረሻ 712 ሰው በበሽታው መያዙ ተረጋገጠ። ሠራተኞቹ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምግብ እያመላለሱ ይሠሩ ነበር። እነሱንም ማሰብ ይገባል።

ዌስተርዳም የተባለው መርከብ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል፤ በሽታው መርከቡ ላይ መኖሩ ሳይረጋገጥ ነው የተባረረው። ታይዋን፣ ጃፓን፣ ጉዋም፣ ፊሊፒንስና ታይላንድ ወደባቸውን ዘጉበት። በመጨረሻ የተቀበለችው ካምቦዲያ ናት።

ዛንዳም የሚባለው መርከብ ማርች 7 ቀን 2020 ከቦነስ አይረስ ተነሳ። ጉዞው ቺሊ ላይ ሊያበቃ ነበር። ቺሊ አልቀበልም አለች። ሌሎችም እንዲሁ። መርከቡ ላይ አራት ሰዎች ሞቱ። በፓናማ ቦይ አልፎ ፍሎሪዳ ፎርት ላውደርዴል የደረሰው ኤፕሪል 2 ነው። እነዚያ ተሳፋሪዎች ሲነሱ የከፈሉት ለሽርሽር ነበር።

ስለዚህ ክፍል ስትመርጡ "እዚህ ክፍል ውስጥ አሥር ቀን ብዘጋበት እችላለሁ?" ብላችሁ አስቡ። በረንዳ ያለው ክፍል ውድ ነው። በደህናው ጊዜ ለሁለት ሰዓት ለማትቀመጡበት በረንዳ ገንዘብ አታባክኑ እላችሁ ነበር። በወረርሽኝ ጊዜ ግን መስኮት የሌለውን ክፍል አልመክርም። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የጉዞውን ቀን ብቻ ቆጥራችሁ አትያዙ። ቢያንስ የሦስት ሳምንት ይኑራችሁ።

ውሳኔውን የአንድ ቀን አድርጎ ማየት

"ያዝን፣ አለቀ" ብለን ነበር። አላለቀም። ክሩዝ ላይ የምትወስኑባቸው ሦስት ቀኖች አሉ። አንደኛው ቀብድ የምትከፍሉበት ነው። ሁለተኛው ቀሪውን ገንዘብ የምትጨርሱበት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከጉዞው ከ75 እስከ 90 ቀን በፊት ይውላል። ሦስተኛው መርከቡ የሚነሳበት ነው።

ከሁለተኛው ቀን በፊት ብትተዉ የምታጡት ቢበዛ ቀብዱን ነው። ቀብዱ የሚመለስ ዓይነት ከሆነ ምንም አታጡም። ከዚያ በኋላ ቅጣቱ በየደረጃው ያድጋል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሙሉው ይሄዳል። ሁለተኛውን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ከእሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የሚያስታውሳችሁ ማንቂያ ሙሉ። ያን ቀን ቁጭ ብላችሁ ልክ እንደ አዲስ ወስኑ።

ነገሩ ምን ያህል ቶሎ እንደሚገለባበጥ ላሳያችሁ። በ2021 መጸው ክሩዝ ሰላም ይመስል ነበር። ዲሴምበር 30 ላይ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የተከተበ ሰው እንኳ ክሩዝ ላይ እንዳይሳፈር መከረ። ማርች 30 ቀን 2022 ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ጨርሶ አነሳው። በሦስት ወር ውስጥ ማለት ነው። ኦክቶበር ላይ ያመናችሁት ነገር ጃንዋሪ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ቸኩሎ መሰረዝ

ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቤተሰቡ አምኖ የሰጠኝ ገንዘብ ስለነበር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማርች 2020 መጀመሪያ ላይ ዜናው ሲከፋ ጭንቀት ያዘኝ። ደውዬ ሰረዝኩ። የተሰጠኝ ለወደፊት ጉዞ የሚሆን ክሬዲት ነበር፤ እሱም ቅጣቱ ተቀንሶለት፣ ማብቂያ ቀን ተጽፎበት። ሳምንት አልሞላም፣ የመርከብ ድርጅቶቹ ራሳቸው ጉዞ አቆሙ። ማርች 14 ቀን ደግሞ የመንግሥት እገዳ ወጣ። ያልሰረዙ ሰዎች ሙሉ ገንዘባቸውን በእጃቸው መውሰድ ወይም ከከፈሉት የሚበልጥ ክሬዲት መምረጥ ቻሉ። እኛ ክሬዲት ይዘን ቀረን። በዚያ ሰሞን የእህቴ ባል ሥራ አቁሞ ነበር። ገንዘቡ በጣም ያስፈልገው ነበር።

እናንተ ስትሰርዙና እነሱ ሲሰርዙ ሕጉ ይለያያል። ከ2022 ጀምሮ የአሜሪካ ፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን ከአሜሪካ ወደብ ለሚነሱ ጉዞዎች ደንብ አውጥቷል። ድርጅቱ ጉዞውን ከሰረዘ ወይም መነሻውን ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ካዘገየ ገንዘብ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ቅጣቱ ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያልፍበትን ቀን እዩ። ቀኑ ካልደረሰ በመጠበቅ የምትጎዱት ነገር የለም። ቀኑ ነገ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ወስኑ።

"ኢንሹራንስ አለኝ" ብሎ መተኛት

የተለመደው የጉዞ ኢንሹራንስ ፍርሃትን አይከፍልም። በሽታው ተስፋፍቷልና ቀረሁ ብትሉ አይሰማችሁም። ኢንሹራንሱን ከመግዛታችሁ በፊት የታወቀ ችግርም ብዙ ጊዜ ከውሉ ውጭ ነው። በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ የሚፈቅድ ዓይነት አለ። እሱን መግዛት የሚቻለው ቀብድ ከከፈላችሁ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። የሚመልሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ ነው፤ ያውም ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ከሰረዛችሁ። የመርከብ ድርጅቱ ራሱ የሚሸጠው ኢንሹራንስ ደግሞ ስትሰርዙ የሚሰጠው ጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ ክሬዲት? ጠይቁ።

ወላጆች ይዛችሁ ለምትሄዱ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) በመሠረቱ ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም። መርከብ ላይ የሚሸፍነው መርከቡ አሜሪካ ወደብ ላይ ሲሆን ወይም ከወደቡ በስድስት ሰዓት ርቀት ውስጥ ሲሆን ነው። ከዚያ አልፎ ባሕር ላይ የታመመ አባት ሂሳቡ በክሬዲት ካርድ ነው የሚከፈለው። በሄሊኮፕተር ወይም በሕክምና አውሮፕላን ማመላለስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። የስረዛውን ክፍል ብትተዉት እንኳ የሕክምናና የማመላለሻውን ክፍል አትተዉት።

በዴቢት ካርድ ወይም በዜል መክፈል

ወረርሽኝ ድርጅቶችንም ይገድላል። በጃንዋሪ 2022 ክሪስታል ሲምፎኒ የሚባለው መርከብ ወደ ማያሚ እየተመለሰ ሳለ ባልተከፈለ የነዳጅ ዕዳ ምክንያት የአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዲያዝ አዘዘ። መርከቡ አቅጣጫውን ወደ ባሃማስ፣ ቢሚኒ አዞረ። ተሳፋሪዎቹ በጀልባ ወደ ፍሎሪዳ ተወሰዱ። ድርጅቱ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ባንኩ ጋር ሄዶ የሚከራከርበት መንገድ አለው። በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ለኤጀንቱ የላከ ሰው ያ መንገድ የለውም። በቡድን ስትሄዱም አንድ ሰው ገንዘቡን ሰብስቦ ከሚከፍል ሁሉም በየራሱ ካርድ ቢከፍል ይሻላል። ገንዘቡ ሲመለስ የሚመለሰው ወደ ከፈለው ካርድ ነው፤ በቤተሰብ መሀል ቅያሜ አይመጣም።

ወረቀቱን ችላ ማለት

የአሜሪካ ዜጋ ከአሜሪካ ተነስቶ እዚያው ወደብ በሚመለስ ክሩዝ ላይ በልደት ሰርተፊኬትና በመታወቂያ መሳፈር ይችላል። እሺ፣ ባሃማስ ላይ ታሞ ቢወርድስ? ወደ ቤት የሚመለሰው በአውሮፕላን ነው። ለአውሮፕላን ፓስፖርት ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያላችሁም የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁ ጊዜው ያላለፈ ይሁን። መርከቡ የሚቆምባቸው አገሮች ሁሉ ቪዛ ይጠይቁ እንደሆነ አንድ በአንድ አጣሩ።

የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ ጠበቃችሁን ሳታናግሩ አትሳፈሩ። መርከቡ ባልቲሞር ቢመለስም ከአገር ወጥታችኋል። የቅድሚያ ፈቃድ (አድቫንስ ፓሮል) ሳይዝ የወጣ ሰው ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል።

ወደቦቹን እንደ ተስፋ ቃል መቁጠር

ብሮሹሩ ላይ ያሉት ከተሞች ዕቅድ እንጂ ግዴታ አይደሉም። ውሉ ካፒቴኑ ወደብ እንዲዘል ይፈቅድለታል። በዲሴምበር 2021 ካርኒቫል ፍሪደም መርከብ ላይ ኮሮና ስለተገኘ አሩባና ቦኔር አላስወርድም አሉት። ለአንድ ደሴት ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ ይህ ጊዜው አይደለም። መርከቡን ራሱን ከወደዳችሁት ግን ያን ያህል አትጎዱም።

ከተመለሱ በኋላ ያለውን ቀን አለመቁጠር

የሰባት ቀን ጉዞ በወረርሽኝ ጊዜ ሰባት ቀን አይደለም። ተለይቶ መቆየት ሊመጣ ይችላል። በሰዓት የሚከፈለው ሰው ያን ጊዜ ያለ ደመወዝ ያልፋል። ልጆቹን ማን ያያቸዋል? ከእኛ ሰው ብዙው ነርሲንግ ሆም ውስጥ ወይም በሰው ቤት አረጋውያንን ይንከባከባል። ከመርከብ ወርዶ በማግሥቱ ፈረቃ የገባ ሰው ለራሱ ምንም ባይሰማው እንኳ በሽታውን ለ85 ዓመት ሴት ሊያደርስ ይችላል። ከጉዞው በኋላ ጥቂት የእረፍት ቀን ማስቀረት ካልቻላችሁ ጉዞውን አስተላልፉት።

በይሉኝታ እሺ ማለት

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በቡድን ስንሄድ የፈራ ሰው አይናገርም። "እኔ ልቅር" ማለት በዓል ማበላሸት ይመስለዋል። እናቴ ስኳር አለባት። በ2020 ስንይዝ ሁላችንም ለእሷ ብለን እንደምንሄድ ነበር የምናወራው። ከጊዜ በኋላ ቡና እያፈላች "ልጄ፣ እኔ እኮ ከመጀመሪያውም መሄዱን አልፈለግሁም። ደስታችሁን እንዳልቀንስ ብዬ ነው" አለችኝ። አንድ ቀን ለብቻዋ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ከመያዛችሁ በፊት እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ጠይቁ። በቤተሰብ የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ አይሆንም። እዚያ ማንም እምቢ አይልም። "ባትሄጂ ማንም አይቀየምም" በሉ፤ የምራችሁን በሉት። ሁሉም ቀብዱን ለየብቻው ከከፈለም አንዱ ቢቀር ሌላው አይጎዳም።

ያ ክሬዲት ማብቂያው ተራዝሞ በኦገስት 2022 ተጠቀምንበት። ስድስት ሆነን ሄድን። አባቴ መጣ። እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አክስቴ ቤት ቆየች። መርከቡ ከወደቡ ሲወጣ በቪዲዮ ደወልንላት። እጣን አጭሳ፣ ሁለተኛውን እየቀዳች ነበር። "ነፋስ እንዳይመታው፣ አባትሽን ሸፍኚው" ብላኝ ዘጋችው።