«መረጃው የለም» ሲባል፦ ስለ ኬሚካል ለሚጠይቁ የሰሜን ሸዋ ሰዎች

ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ የገዛው የተባይ መድኃኒት በአገሪቱ የተፈቀደ ይሁን አይሁን ማወቅ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን፣ በሬሳ ወንዝ አጠገብ የሚኖር ሰው ደግሞ ወንዙ ተመርምሮ ከሆነ ውጤቱን ማየት ይፈልጋል። ሁለቱም ቢሮ ሄደው የሚሰሙት ያው ነው፦ «መረጃው የለም»።

ይህ መልስ አራት ነገር ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ የለም። ጥያቄህ አልገባኝም። አለ፣ ግን ልሰጥህ እፈራለሁ። ወይም እውነትም የለም። መፍትሔያቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው እንደገጠማችሁ ለዩ።

አንድ ነገር ግን ይቅደም። ሰው ሲረጭ ውሎ ከታመመ ወይም መድኃኒት ከጠጣ መረጃ ፍለጋ አይኬድም። ዕቃውን ከነሌብሉ ይዞ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። በግድ ማስመለስም ይቅር።

ምልክት፦ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት

ወረዳው ወደ ዞን ይልካል፣ ዞኑ ወደ ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ። ሰው ሊያመላልሳችሁ ፈልጎ ላይሆን ይችላል። የኬሚካል መረጃ አንድ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። የፀረ ተባይና የፀረ አረም ምዝገባ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥራ ነው። ምግብና መድኃኒት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋ ነው። አደገኛ ቆሻሻና የኢንዱስትሪ ብክለት በአካባቢ ጥበቃ በኩል ይታያል። የመጠጥ ውሃ ከውሃና ከጤና ቢሮዎች አይወጣም። ከውጭ የገባው ጭነት የጉምሩክ ነው።

የፋብሪካ ጉዳይ ከሆነ አንድ ጥያቄ ብዙ እግር ያሳርፋል፦ የኢንቨስትመንት ፈቃዱን የሰጠው ማነው? ፌዴራል ከሆነ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን (ፋብሪካው በአካባቢው ላይ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት የተጠናበትን ሰነድ) የሚያየው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ክልል ከሆነ የክልሉ መሥሪያ ቤት ነው። ይህን ሳያጣሩ ደብዳቤ መጻፍ ድካም ነው።

ሌላው ወጥመድ የራሳችን ስም ነው። ሰሜን ሸዋ ሁለት ነው፤ አንዱ አማራ ክልል፣ መቀመጫው ደብረ ብርሃን፤ ሌላው ኦሮሚያ፣ መቀመጫው ፍቼ። «ሰሜን ሸዋ» የሚል ሠንጠረዥ ስታገኙ ከመደሰታችሁ በፊት ከሥሩ የተዘረዘሩትን ወረዳዎች እዩ። ቀወት፣ ሞረትና ጅሩ፣ ምንጃር ሸንኮራ ካሉ የእኛው ነው። ኩዩና ደገም ካሉ የፍቼው ነው። በላቲን ፊደል ስትፈልጉ ደግሞ «ሸዋ» ቢያንስ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል። ሁሉንም ሞክሩ።

ምልክት፦ የመድኃኒቱ ስም ዝርዝር ውስጥ አይገኝም

ገበያ ላይ የሚጠራው የንግድ ስም ነው። ሳይንሱና ዓለም አቀፍ ስምምነቶቹ የሚያውቁት ግን በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ነው። «ካራቴ» የምንለው ውስጡ ላምዳ ሳይሃሎትሪን ነው። «ሪዶሚል» ሜታላክሲልና ማንኮዜብ ሆኖ ይገኛል። ጅሩ ላይ ስንዴ አረሙን የሚያቃጥሉበት «ቱ ፎር ዲ» ግን በንጥረ ነገሩ ስም ስለሚጠራ አያስቸግርም።

ጠርሙሱን አዙሩት። ከትልቁ ስም ሥር በደቃቅ ፊደል የንጥረ ነገሩ ስምና መጠኑ ይጻፋል። ከዚያ የምዝገባ ቁጥሩን፣ የተመረተበትንና የሚያልፍበትን ቀን፣ ለየትኛው ሰብልና ተባይ እንደተፈቀደ ፈልጉ። ከታች በኩል ያለው ባለ ቀለም መስመር የመርዛማነቱን ደረጃ ይነግራል፦ ቀይ ከሁሉ የከፋው ነው፣ ከዚያ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። አረንጓዴ ማለት ግን ይጠጣል ማለት አይደለም።

ለጥጥ የተፈቀደ መድኃኒት ለቲማቲም ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ስለዚህ ስትጠይቁ «ይህ ነገር ተመዝግቧል ወይ?» ብቻ አትበሉ። «ለሽንኩርት ተመዝግቧል ወይ?» በሉ። ምዝገባው የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 674/2002 ነው። ሌብሉ የተላጠ፣ ወይም መድኃኒቱ በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀንሶ የተሸጠ ከሆነ የምትፈልጉት መረጃ ከዕቃው ጋር ቀርቷል። እንዲህ ያለውን አትግዙ፤ ሌላ ምክር የለኝም።

የንጥረ ነገሩ ስም ከተገኘ በር የሚከፍት ሌላ መንገድም አለ። ኢትዮጵያ ስለ አደገኛ ኬሚካሎች የተደረጉት የሮተርዳምና የስቶኮልም ዓለም አቀፍ ስምምነቶች አባል ናት። በሮተርዳሙ ሥር አገሮች በስምምነቱ ከተዘረዘሩት ኬሚካሎች የትኛውን እናስገባለን፣ የትኛውን አናስገባም እንዳሉ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። የአገር ውስጥ ቢሮ ያጣችሁትን አንዳንዴ እዚያ ታገኙታላችሁ። በዓመት ስንት ፀረ ተባይ ከውጭ እንደገባ ለማየት ደግሞ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ መለያ 3808 ፈልጉ። ድምሩ የአገር እንጂ የዞን አይደለም።

ምልክት፦ በቃል «አይሰጥም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ነው»፣ «ነገ ተመለስ»

አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በቃል የቀረበ ጥያቄ ዱካ አይተውም። ዱካ ከሌለ ማንም አይጠየቅበትም።

ሕጉ ግን ከጠያቂው ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሕዝብን የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣል፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጁ፣ ቁጥር 299/1995፣ የጥናቱ ዘገባ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ይላል። የፋብሪካ ጎረቤት ሆኖ ይህን የማያውቅ ብዙ ነው።

መፍትሔው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። አስተያየት አትጠይቁ፣ ሰነድ ጠይቁ። «በሬሳ ለምን ተበከለ?» ብትሉ የሚመልስላችሁ የለም። እንዲህ በሉ፦

«በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የሚከተሉት ሰነዶች ቅጂ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ከበሬሳ ወንዝ ላይ ተወስደው የተመረመሩ ናሙናዎች የላቦራቶሪ ውጤት፤ ናሙናው የተወሰደበት ቦታና ቀን፤ የመረመረው ላቦራቶሪ ስም። ሰነዱ በእናንተ ዘንድ ከሌለ ጥያቄው ለሚመለከተው አካል እንዲመራልኝ፣ ወይም አለመኖሩ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ።»

በሁለት ቅጂ አዘጋጁት። ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ብላችሁ መዝገብ ቤት አስገቡት። የእናንተ ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና ገቢ ቁጥር ሳይሰፍር ከመስኮቱ አትራቁ። ረጅም ታሪክና ወቀሳ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ጸሐፊዋን ያስፈራል፣ ደብዳቤውም ሳይመራ ይከርማል። 30 ቀኑ ካለፈ ወይም ከተከለከላችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት በሉ። እሱም ካልሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ።

«የንግድ ምስጢር ነው» ከተባላችሁ ተከራከሩ። የምርቱ ቀመር ምስጢር ሊሆን ይችላል። ወንዝ ውስጥ የገባው ነገር ግን የማን ምስጢር ነው? ምስጢር የተባለው ገጽ ወጥቶ ቀሪው እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ምልክት፦ ፋይሉ ተገኘ፣ ግን አይነበብም

አማርኛው የላቲን ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ከመጣ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው። ላኪውን ከነፎንቱ ወይም በፒዲኤፍ እንዲልክ ጠይቁት። ስካን የተደረገ ወረቀት ከሆነ ደግሞ ቃል መፈለግ አይሠራም፤ አማርኛ የሚያነብ ኦሲአር (ምስሉን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም) አለ፣ ቁጥሮቹን ግን በዓይናችሁ አመሳክሩ።

ዘመኑንም አጣሩ። «2014» የሚለው የእኛ ነው ወይስ የፈረንጅ? የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 እንደሚጀምር አትርሱ።

ምልክት፦ ቁጥሩ አለ፣ ትርጉሙ አልገባም

መጀመሪያ መለኪያውን እዩ። ሚሊ ግራም በሊትርና ማይክሮ ግራም በሊትር የሺህ እጥፍ ልዩነት አላቸው። ናይትሬት ላይ ሌላ ማሳሳቻ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በናይትሬት ሲለካ 50 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። በውስጡ ባለው ናይትሮጅን ብቻ ሲለካ ያው መጠን ወደ 11 ይወርዳል። ሁለት ዘገባዎች እየተቃረኑ የሚመስሉት አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው።

ቀጥሎ፣ ከምን ጋር እያወዳደራችሁ ነው? ለመጠጥ ውሃ የክሮሚየም ጣሪያ 0.05 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ ግን የራሱ ደረጃ አለው። የፍሳሽን ቁጥር በመጠጥ ውሃ ጣሪያ መዝኖ ፌስቡክ ላይ መጮህ ሙግቱን ያበላሻል። በቀላሉ ውድቅ ያደርጉባችኋል።

«አልተገኘም» የሚል ውጤት ደግሞ ዜሮ ማለት አይደለም። መሣሪያው ከተወሰነ መጠን በታች ማየት አይችልም ማለት ነው። መሣሪያው ሊለየው የሚችለው ትንሹ መጠን ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ያ መጠን ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ ከሆነ ምርመራው ምንም አልነገራችሁም።

ምልክት፦ እውነትም የለም

ማንም አልመረመረም ማለት ነው። ይህን በጽሑፍ ካገኛችሁ ትልቅ ነገር ይዛችኋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጁ፣ ቁጥር 300/1995፣ ማንኛውም ሰው የግል ጉዳቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

አቤቱታውን የሚያጠነክረው ማስታወሻችሁ ነው። ውሃው ቀለም የለወጠበትን ቀንና ሰዓት፣ ቦታውን፣ ሽታውን፣ ከብት ከጠጣ ምን እንደሆነ ጻፉ፤ ፎቶ አንሱ። በራሳችሁ ጠርሙስ ቀድታችሁ ላቦራቶሪ ብትወስዱ «የት እንደተቀዳ በምን እናውቃለን?» ይሏችኋል። ይልቅ ባለሙያው በቀበሌው ሰዎች ፊት፣ ከፍሳሹ መግቢያ በላይና በታች ለየብቻ ናሙና እንዲወስድ በአቤቱታው ላይ ጠይቁ። የላይኛው ናሙና ከሌለ የታችኛው ማንን እንደሚከስ አይታወቅም።