ትከሻ ላይ የማይጠማዘዝ የጊታር ማንገቻ፦ በአሠራር ጊዜ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የጊታር ማንገቻ ማሠራት የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ቦርሳና ቀበቶ ወደሚሰፋ ባለሙያ ነው። ሥራው ሲያዩት ያምራል። ጥር ገብቶ የሠርግ ሰሞን ሲጀመር ግን ሌላ ነው። ጊታሪስቱ ጣና ዳር ካሉት አዳራሾች በአንዱ እስከ እኩለ ሌሊት ቆሞ ሲጫወት ማንገቻው ይገለበጣል፣ ጠርዙ አንገቱን ይከረክረዋል፣ በየዘፈኑ መሀል እጁን ወደ ኋላ እየሰደደ ያቃናል። ወቀሳው በቆዳው ጥራት ላይ ይወድቃል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ያለው በአቆራረጡ፣ በስፌቱና በሁለቱ ጫፎች ላይ ነው።

የጠመንጃ ማንገቻን እንደ ናሙና መውሰድ

ማንገቻ ሲባል ለኛ አገር ቆዳ ሠሪ ቀድሞ የሚታየው የጠመንጃው ነው። ጠመንጃ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ የያዘው ሰውም ሲደክመው ትከሻ ይቀይራል። የጊታር ማንገቻ ግን ከግራ ትከሻ ተነሥቶ ጀርባን አቋርጦ በቀኝ ብብት ሥር ይዞራል፤ ዘፈን መሀል ትከሻ መቀየር የለም። ኤሌክትሪክ ጊታር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፣ ቤዝ ጊታር ደግሞ ከዚያም ሊብስ ይችላል። ይህን ሁሉ 3 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጠፍር መሸከም ትከሻን መቅጣት ነው። ለጊታር ከ5 እስከ 6፣ ለቤዝ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

«እንግዲያው 10 ይሁንልኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ትከሻ ተዳፋት ነው። በጣም የሰፋ ማንገቻ በአንደኛው ጠርዙ ብቻ ያርፍና ውስጠኛው ጠርዝ አንገት ሥር ይገባል፤ መገልበጡም ከዚያው ይጀምራል።

ሁለቱን ንብርብር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መስፋት

የላይኛውንና የታችኛውን ቆዳ እኩል ቆርጦ፣ በማስቲሽ አጣብቆ፣ ዘርግቶ መስፋት የተለመደ ነው። ትከሻ ላይ ሲታጠፍ ግን ላይኛው ንብርብር ረዘም ያለ መንገድ አለው፣ ታችኛው አጠር ያለ። እኩል ከተሰፉ ላይኛው ይወጠራል፣ ታችኛው ይጨማደዳል። ጭምድዱ ትከሻን ይቆረቁራል፤ ማንገቻውም ወደሚቀለው ወገን ይንከባለላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንዱን ጫፍ ብቻ አጣብቁ፤ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን መካከለኛ ክፍል በትልቅ ድስት ጎን ላይ አጥፋችሁ፣ እንደታጠፈ አጣብቁት። ታችኛው ቆዳ በሌላኛው ጫፍ ትንሽ ተርፎ ይወጣል፤ የተረፈውን ቁረጡና ከዚያ ስፉ።

ስፌቱ ራሱም ያጣምማል። በማሽን ሲሰፋ አንዱን ጠርዝ እየሄዱ፣ ሌላውን እየተመለሱ መስፋት ጊዜ ይቆጥባል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ማሽኑ ግን የታችኛውን ንብርብር ከላይኛው ፈጠን አድርጎ ይስበዋል። አቅጣጫው ሲለያይ ሁለቱ ጠርዞች በተቃራኒ ይሳባሉ፤ ማንገቻው እንደ ገመድ የመጠምዘዝ ዝንባሌ ይዞ ይወጣል። ሁለቱንም ጠርዞች ከአንድ ጫፍ ጀምሩ፤ ሌላ ዘዴ አያስፈልግም።

ቆዳን ለመቆጠብ አግድም መቁረጥ

የከብት ቆዳ ከጀርባው ጠንካራ ነው፣ ከሆዱ በኩል ይለጠጣል። ማንገቻ ከጀርባው፣ በአከርካሪው አቅጣጫ ይቆረጥ። አንዱን ንብርብር ወደ ቁመት፣ ሌላውን ከትርፍራፊ ወደ ጎን ቆርጦ ማጣመር የሚያስከትለው ጣጣ በተሸጠ ቀን አይታይም፤ ክብደት ሲለምድ ነው አንዱ ተለጥጦ ሌላው ሳይለጠጥ የሚቀረው። የደጋ በግ ቆዳ ለስላሳና ቀጭን ነው፤ ለውጭ ገበያ ጓንት የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ለገበር ግሩም ነው፤ ሸክሙን ግን ብቻውን አትስጡት።

ጥለት ለሚወዱም ያው ነው፣ እኔም እወዳለሁ። ሸማኔ የሠራው ጥለት ጌጥ ይሁን እንጂ ተሸካሚ አይሁን፤ ከሥሩ የማይለጠጥ ነገር፣ ለምሳሌ የመኪና መቀመጫ ቀበቶ ይግባለት።

ጫፎቹን ማደንደን

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ማንገቻ የሚበላሸው። የጊታሩ የኋላ ቁልፍ፣ ማለትም ማንገቻው የሚንጠለጠልበት ጉጥ፣ ከጊታሩ መቀመጫ ላይ ወደ ውጭ የተተከለ ነው፤ የማንገቻው ምላስ፣ ማለትም ጫፉ ላይ የሚገጠመው ቀዳዳ ያለው ቁራጭ ቆዳ፣ እዚያ መቀመጫ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። ማንገቻው ራሱ ግን የተጫዋቹ ጀርባ ላይ ተነጥፎ መተኛት አለበት። ስለዚህ በሁለቱ መካከል አንድ ቦታ ሩብ ዙር መዞሩ ግድ ነው። ምላሱ አጭርና ድርብ ከሆነ እዚያ መዞር አይችልም፤ ዙሩ ወደ ላይ ይወጣና ትከሻ ላይ ይገኛል።

ምላሱን ነጠላ፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ቆዳ ሥሩ። ወደ ጫፉ 3 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ይጥበብ፣ ርዝመቱም 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ቀዳዳው ልክ መሀል መስመሩ ላይ ይዋል፤ ትንሽ ወደ ጎን ከሸሸ ክብደቱን የሚሸከመው አንዱ ጠርዝ ብቻ ይሆናል። በቢላ አትቅደዱት፣ በመብሻ ክብ አድርጉት፤ ቆዳ መቀደድ የሚጀምረው ከማዕዘን ነው። ቁልፉን ለማስገባት የሚቀደደው ስንጥቅ ወደ ማንገቻው መሀል ይዙር እንጂ ወደ ጫፉ አይዙር። ወደ ጫፉ ከዞረ የጊታሩ ክብደት ራሱ ይከፍተዋል፤ የሚወድቀው ደግሞ ጊታሩ ነው።

የሚያንሸራትት ገበርና ወፍራም ስፖንጅ

ከውስጥ በኩል የሚያንሸራትት ጨርቅ ሲገባ፣ አንገቱ የሚከብድ ጊታር እጅ በለቀቁት ቁጥር ወደ መሬት ይሰግዳል። ሻካራው የቆዳው የሥጋ ወገን ወደ ሰውነት ይዙር። ወፍራም ስፖንጅ ለገዢው ምቾት ይመስለዋል፤ ማንገቻውን ግን ያድበለብለዋል፣ የተድበለበለ ነገር ደግሞ ይሽከረከራል። በባሕር ዳር ሙቀት ላብም ይጠጣል፣ ክረምት ላይ ይሸታል። ካስፈለገ ከ5 ሚሊ ሜትር አይብለጥ።

የማይገጥም ዘለበት

የማንገቻው ርዝመት የሚስተካከልበት 4 ሳንቲ ሜትር ቀበቶ 5 ሳንቲ ሜትር ዘለበት ውስጥ ከገባ ወደ አንድ ጥግ ሸሽቶ ይታጠፋል። ቅዳሜ ገበያ ስትሄዱ ቀበቶውን ይዛችሁ ሂዱ፣ በዓይን አትገምቱ። ዘለበቱ ትከሻም ደረትም ላይ እንዳያርፍ ወደ ኋላ፣ ወደ ታች ይሁን።

ሳይፈትኑ ማስረከብ

አንዱን ቀዳዳ ሚስማር ላይ አንጠልጥሉ፣ በሌላው ጫፍ ውኃ የሞላ የ5 ሊትር ጀሪካን እሰሩና እስኪነጋ ተዉት። ጀሪካኑ ወደ አንድ ወገን ከዞረ ጥፋቱ የስፌቱ አቅጣጫ ወይም የአቆራረጡ ነው፤ ፈትቶ እንደገና መስፋት ይጠይቃል። ሳይዞር አንደኛው ጠርዝ ብቻ ተወጥሮ ሌላው ከረገበ ግን ስፌቱን አትንኩት፤ ምላሱን ብቻ አውልቃችሁ ቀዳዳውን መሀል ላይ አድርጋችሁ ሌላ ግጠሙለት።