ብር እየወረደ ስቲም ላይ ጌም እንዴት ይገዛል?

መጀመሪያ ይሄን እንግባባ፣ ስቲም (የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር) ላይ የምታዩት ዋጋ የኢትዮጵያ ዋጋ አይደለም። አካውንታችሁ ኢትዮጵያ ተብሎ ቢመዘገብም የሚመጣላችሁ የአሜሪካኑ ዋጋ ነው፣ ኒውዮርክ ያለው ልጅ 59.99 ዶላር ከከፈለ ቦሌ ያለውም 59.99 ነው። ህንድ በሩፒ፣ ደቡብ አፍሪካ በራንድ የራሳቸው ዋጋ አላቸው፣ ግብፅና ሞሮኮ ደግሞ በዶላር ቢከፍሉም ለመካከለኛው ምስራቅና ሰሜን አፍሪካ ተብሎ ለብቻው በወጣ ዝቅ ያለ የዶላር ዋጋ ውስጥ ናቸው። ግብፅ ገብታ እኛ ቀረን፣ እዚህም ላይ ማለት ነው። ጌሙን የሰራው ሰው ራሱ ለኢትዮጵያ ላርክስ ቢል አይችልም፣ ዋጋ የሚሞላው በከረንሲ (በገንዘብ ዓይነት) ወይ በሪጅን (በአካባቢ) ስለሆነ የኛ የሚባል ሳጥን የለም።

ይሄ ነገር ድሮ ያን ያህል አይሰማንም ነበር። ሐምሌ 22 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ግን ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ፣ ወደ ኋላም አልተመለሰም። ስታርዴው ቫሊ የሚባለውን ጌም እንይ። ዋጋው 14.99 ዶላር ነው። በ57 ስታሰሉት 854 ብር አካባቢ ይመጣል፣ በ120 እንኳን ካሰላችሁት 1,800 ብር። አሁን ጌሙ በግማሽ ቀነሰ እንበል፣ 900 ብር አካባቢ ነው፣ ማለትም ሃምሳ ፐርሰንት ዲስካውንት አገኘሁ ብላችሁ ስትደሰቱ የምትከፍሉት ድሮ ያለምንም ቅናሽ ከሚከፈለው ይበልጣል። ስለዚ የፐርሰንቱን ቁጥር ተዉት፣ ካርዳችሁ በሚቆርጥባችሁ ምንዛሬ ባንኩ የሚወስደውን ኮሚሽን ጨምራችሁ በብር አስሉት፣ ከዛ ነው ይሄ ጌም ይሄን ያህል ያወጣል ወይ የሚባለው።

አሁን ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ልመልስ፣ "ቪፒኤን ከፍቼ አካውንቴን ቱርክ ወይ አርጀንቲና ባደርገውስ?" አታድርጉት። ቪፒኤን ሌላ ሀገር ያላችሁ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው፣ ዘዴው ድሮ ይሰራ ነበር፣ ሁለቱ ሀገሮች በሊራና በፔሶ ነበር የሚከፍሉት፣ ገንዘባቸው በየወሩ ሲወርድ ፐብሊሸሮቹ (ጌሙን የሚያወጡት ድርጅቶች) ደግሞ ዋጋውን ቶሎ ቶሎ ስለማያስተካክሉት ጌሙ በዶላር ሲመነዘር የሳንቲም ያህል ሆኖ ቀረ፣ ከዛ የዓለም ሕዝብ ሁሉ በአንድ ሌሊት ቱርካዊ ሆነ። ስቲም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ለሁለቱ ሀገሮች ለፐብሊሸሮች የሚያቀርበውን የዋጋ ምክር በጣም ከፍ አደረገው፣ እሱም አልበቃ ሲል እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 2023 ሊራውንም ፔሶውንም አወጣቸውና ወደ ዶላር ቀየራቸው። የሰጠው ምክንያት ምንዛሬው ስለማይረጋጋ ዋጋ መወሰንም ወቅታዊ አድርጎ መያዝም ከባድ ሆነ የሚል ነው። ቱርክ ቅድም ያልኩት የመካከለኛው ምስራቅና ሰሜን አፍሪካ ሪጅን ውስጥ ገባች፣ አርጀንቲና ለላቲን አሜሪካ በወጣው ውስጥ። ፐብሊሸሩ ለአዲሱ ሪጅን ዋጋ ካልሞላ ደግሞ የአሜሪካኑ ዋጋ ነው ዝም ብሎ የሚቀመጠው፣ ስለዚ አንዳንድ ጌም በአንድ ቀን ስንት እጥፍ ዘለለ። የተጎዳው በቪፒኤን የገባው አይደለም፣ እሱማ ወደ ሀገሩ ተመለሰ፣ ኢስታንቡልና ቦነስ አይረስ በሀገሩ ገንዘብ ደሞዝ የሚበላው ልጅ ነው።

ስለዚ ድሮ የተሰራ ቪዲዮ አይታችሁ እንዳትሞክሩ። ሀገር ለመቀየር የዛ ሀገር ካርድ ያስፈልጋል፣ ከቀየራችሁ በኋላ ሶስት ወር ሳይሞላ እንደገና መቀየር አይቻልም፣ ቪፒኤን ተጠቅሞ ያለበትን ሀገር መደበቅ ደግሞ ስትመዘገቡ የተስማማችሁበትን ውል መጣስ ነው። ለጥቂት ዶላር ብላችሁ የስንት አመት ላይብረሪ (የገዛችሁትን ጌም ሁሉ) አደጋ ላይ አትጣሉ። በትክክል ዱባይ ወይ ሪያድ ሄዳችሁ መኖር ከጀመራችሁ ግን ሌላ ነው፣ እዛ ባገኛችሁት ካርድ አንድ ጌም ስትገዙ ሀገሩን ቀይሩት፣ ዋሌት (ስቲም ላይ ያስቀመጣችሁት ሂሳብ) ላይ ያለው ገንዘብ ወደ ድርሃም ወይ ሪያል ይቀየራል።

እሺ ታዲያ ምን እናድርግ? ስቲምዲቢ የሚባለውን ሳይት ክፈቱ፣ የጌሙን ስም ፈልጉ፣ የየሀገሩ ዋጋ በሰንጠረዥ ይመጣል። የኛ የዩኤስ ዶላር የሚለው መስመር ነው፣ ሌላውን አይታችሁ አትናደዱ። አጠገቡ እስካሁን የወረደበት ዝቅተኛ ዋጋ አለ፣ የሚጠቅማችሁ ያ ነው። አንድ ጌም 20 ዶላር ሆኖ ከዚህ በፊት 5 ከገባ ዛሬ 12 ስለሆነ አትቸኩሉ፣ ዊሽሊስት ውስጥ ክተቱትና ሲቀንስ ኢሜይል ይመጣል። ትልልቆቹ ሴሎች (የቅናሽ ጊዜዎች) በጁን መጨረሻና በዲሴምበር መጨረሻ ናቸው። ብር ሊወርድ ይችላል ብሎ አሁኑኑ መግዛት ይሻላል የሚል ሰው ታገኛላችሁ፣ በኔ እይታ ግን አብዛኛው ጌም ከብር በላይ ነው የሚወርደው፣ መጠበቅ ያዋጣል። ከገዛችሁ በኋላ ካልተመቻችሁ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ፣ ሪፈንድ ጠይቁ፣ ወደ ዋሌት ይግባልኝ በሉ፣ ለካርድ ሲመለስ ምንዛሬው ላይ ሌላ ጣጣ አለ።

ውጪ ዘመድ ያለው ሰው የተሻለ መንገድ አለው። አሜሪካ ያለ የአጎት ልጅ ምን ልላክልህ ካለ ጫማ ከማለት ጌም በሉት። ስቲም ስጦታ የሚከለክለው በሁለቱ ሀገር ያለው ዋጋ ብዙ ሲለያይ ነው፣ የኛና የአሜሪካ አንድ ስለሆነ ያልፋል (ለካ ይሄ ዋጋ አንድ ቀን ጠቀመን)። ገልፍ ያሉት በሪያል ወይ በድርሃም ስለሚከፍሉ ልዩነቱ እንደ ጌሙ ነው፣ እምቢ ካለ ዲጂታል ጊፍት ካርድ ይላኩ። ለዚህ ግን ስቲም ላይ ቢያንስ ለሶስት ቀን ጓደኛ መሆን አለባችሁ፣ ሴሉ ሊያልቅ ማታ ላይ አድ አድርገኝ ብትሉት አይሰራም። ስቲም ፋሚሊስ ደግሞ እስከ ስድስት ሰው ላይብረሪ ያጋራል ግን አንድ ቤት ለሚኖሩ ነው፣ ዲሲ ካለ ወንድም ጋር አይሆንም፣ እዚሁ ቤት ካለው ጋር ይሆናል።

ቴሌግራም ላይ በ300 ብር "አካውንት ከነጌሙ" የሚሸጡትን ተዉአቸው። ፓስወርዱን ብትቀይሩም የመጀመሪያው ባለቤት ድሮ የከፈለበትን ማስረጃ አሳይቶ ማስመለስ ይችላል፣ ያኔ እናንተ ማንን ትከሳላችሁ? ቁልፍ (የጌሙን ማስከፈቻ ኮድ) ብቻ የሚሸጥላችሁ ካለም በየትኛው ሪጅን እንደሚከፈት ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ፕሌይስቴሽን ያላችሁ ደግሞ፣ አካውንት ስትከፍቱ ኢትዮጵያ የሚል ምርጫ የለም፣ ብዙ ሰው አሜሪካ ብሎ ነው የሚከፍተው። ሀገሩን በኋላ መቀየር ስለማይቻልና ጊፍት ካርዱም የዛው ሀገር መሆን ስላለበት፣ ካርድ የሚልክላችሁ ዘመድ የት እንዳለ አይታችሁ ምረጡ። ገንዘብ ጭራሽ ከሌለ ኤፒክ ጌምስ የሚባለው ሌላ የጌም መደብር በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ 12 ወይ 1 ሰዓት አካባቢ ነፃ ጌም ይለቃል፣ ዛሬ ባትጫወቱትም ገብታችሁ ክሌም አድርጉት።