ሽጉጡ ታች ታች ሲመታ፦ ሞረድ ከማንሳታችሁ በፊት

ቤቴ ውስጥ በፈቃድ የያዝኩት ማካሮቭ የሚባል አንድ የሶቪየት ሽጉጥ አለ። የፊተኛው ማነጣጠሪያው አናት ላይ የሚያብለጨልጭ ጭረት ይታያል። ጭረቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በሞረድ።

ያን ጊዜ ሽጉጡ ከ25 ሜትር ላይ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ እያለ ይመታብኝ ነበር። አንድ ባልንጀራዬ «ማነጣጠሪያው ረዝሞበት ነው፣ ሞረድ አድርገው» አለኝ። ነገሩ በስሌት ትክክል ነው። የፊቱ ማነጣጠሪያ ሲያጥር ጥይቱ ከፍ ይላል። ሞረድኩት፣ ዒላማዬን አገኘሁ፣ ደስ አለኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የተኩስ አሠልጣኝ ጣቴን አስተካከለልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽጉጡ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይመታል። ለካ ጥፋቱ የጣቴ ነበር። የተሞረደ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ይህን የምጽፈው ባለፈው ሰሞን እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ የሰፈራችን ልጅ በሬን ስላንኳኳ ነው። ቤት እንኳ ሳይገባ «ጋሼ፣ ሞረድ አለዎት?» አለኝ። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። «ሞረድ የለኝም፣ ሻይ ግን አለ» ብዬ አስገባሁት።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት

ከሁሉ በፊት ደህንነት። ሽጉጡን በነካችሁ ቁጥር ካዝናውን አውጡ፣ ሳቡት፣ ጥይት የሚቀመጥበትን ክፍል በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። ባዶ መሆኑን እያወቃችሁም አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙሩ። ጥይት የሚተኮስበት ሙከራ በተፈቀደ የልምምድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጓሮ ውስጥ አይሆንም። ፈቃድ ስለሌለው መሣሪያ የማወራው የለኝም፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ያነበበ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሙከራው። የማካሮቭ አሮጌ የሶቪየት መመሪያ ጥሩ ዘዴ አለው። ከ25 ሜትር፣ 25 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ጥቁር ክብ ላይ፣ አራት ጥይት ተረጋግቶ መተኮስ ነው። ቀዳዳዎቹ 15 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ከተሰበሰቡ፣ መሐላቸውም ከሚፈለገው ነጥብ ከ5 ሳንቲሜትር በላይ ካልራቀ ሽጉጡ ጤነኛ ነው ይላል። አራት ጥይት ነው፤ ጥይት ውድ በሆነበት አገር ይህን መመሪያ እወደዋለሁ።

እኔ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። እጃችሁን አሸዋ በተሞላ ጆንያ ላይ አሳርፉ። ከላይ የታጠፈ ባና ጣል አድርጉበት። የመንዝ ባና ለብርድ ብቻ የተሠራ አይምሰላችሁ፤ የሚያሳርፉበትን እጅ አጥብቆ ይይዛል። ድጋፍ የሚያገኘው እጃችሁ ነው። ሽጉጡ ራሱ ጆንያው ላይ አይተኛ፣ አፈሙዙም ምንም አይንካ።

ከዚያ ወረቀቱን አንብቡ። ቀዳዳዎቹ ታች ሆነው ግን ተሰብስበው ካረፉ ማነጣጠሪያውን ወይም አስተያየታችሁን ጠርጥሩ። ታች ወርደው ከተበታተኑ እጃችሁን ጠርጥሩ። ካላመናችሁ ጥሩ ተኳሽ የሆነ ሰው በዚያው ሽጉጥና በዚያው ጥይት ይተኩስ። የእሱ መሐል ካረፈ ሽጉጡን ይቅርታ ጠይቁት።

ተበታትኖ ታች፣ ወይም ታች ግራ

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ካየኋቸው «ታች የሚመቱ» ሽጉጦች አብዛኞቹ እዚህ ይወድቃሉ።

ምክንያቱ ፍርሃት ነው። ፈሪ ናችሁ ማለቴ አይደለም። ሰውነት ሽጉጡ እንደሚጮህና እንደሚራገጥ ያውቃል። ስለዚህ ጥይቱ ሳይወጣ በፊት አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ የእጅ አንጓ ወደ ታች ይገፋል፣ ትከሻ ይጠነክራል፣ ዓይን ይጨፈናል። ይህ ሁሉ በቅጽበት ስለሚሆንና ፍንዳታው ስለሚሸፍነው ተኳሹ ራሱን አያየውም። «ቀጥ አድርጌ ነው የተኮስኩት» ብሎ ይምላል። ውሸቱን አይደለም፣ የሚሰማው እንደዚያ ነው።

ማጋለጫው ቀላል ነው። የልምምድ ቦታ ላይ ባልንጀራችሁ ጀርባውን ሰጥቶ ሽጉጡን ያዘጋጅ። አንዳንዴ ጥይት ያግባበት፣ አንዳንዴ ባዶውን ያቀባብለው፣ ሳይነግራችሁም ያቀብላችሁ። ሁልጊዜ ጥይት እንዳለው አድርጋችሁ ያዙት።

ለዚያ ልጅ ያደረግኩለት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ጥይት ነበረው፤ ዷ! ብሎ ታች ግራ አረፈ። ሁለተኛውን ባዶ ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነጣጠረ፣ ምላጩን ሳበ፣ ቀጭ! አለ። አፈሙዙ ውኃ እንደምትጠጣ ዶሮ ጎንበስ ብሎ ቀና አለ። ልጁ ሽጉጡን አየ፣ እኔን አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኔ ነኝ?»

«ከአንተ ሌላ ማን ያዘው?»

ከዚያ በኋላ ስለ ሞረድ አላነሳም።

መድኃኒቱ የባዶ ልምምድ ነው። ቤት ውስጥ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል ቆልፋችሁ፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጣችሁ፣ ከጀርባው ሰው ወደሌለበት ጠንካራ የድንጋይ ግድግዳ ዙሩ። አቀባብሉት። አንድ የተተኮሰ ቀለህ ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ኋላ ሽጉጡ አናት ላይ አቁሙ። ምላጩን ሳቡ። ቀለሁ ከወደቀ እጃችሁ ተንቀሳቅሷል። ሳይወድቅ 10 ጊዜ በተከታታይ እስክትስቡ ድረስ ሞክሩ። የመጀመሪያው ቀን ያናድዳል። አንድ ቀን አንድ ሰዓት ከመታገል በየቀኑ 10 ደቂቃ ይሻላል።

ምላጭ ይጨመቃል እንጂ አይነጠቅም። የጣታችሁን የመጀመሪያ አንጓ ሥጋማ ክፍል አሳርፉበትና ቀጥታ ወደ ኋላ፣ ዝግ ብላችሁ ጫና ጨምሩ። መቼ እንደሚተኮስ በትክክል ካወቃችሁ እየነጠቃችሁ ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ሲነጥቅ ጥይቱ ታች ግራ ይሄዳል፤ ግራኝ ከሆነ ታች ቀኝ። ሌሎቹ ጣቶች ከምላጩ ጋር አብረው ከጨበጡም አፈሙዙ ይወርዳል። እጀታውን ከመጀመሪያው አጥብቃችሁ ያዙና ጥንካሬው እስከ መጨረሻው አይለወጥ።

ደግሞ ጆሮ! እኛ ጋ ጆሮውን ሸፍኖ የሚተኩስ ሰው እንደ ፈሪ ይታያል። ግማሹን ፍርሃት የሚያመጣው ግን ጩኸቱ ነው። ጆሮ የሚሸፍን መከላከያ አድርጉ፤ ጥጥ አይበቃም። ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኩሱት ሰዎች ሽጉጣቸው ታች ይምታ ላይ ይምታ አያውቁም፣ ጥይቱ የት እንደሚወርድም አያውቁም። ይህ ሌላ ቀን የምመለስበት ብስጭት ነው።

የመጀመሪያዋ ብቻ ታች፣ የቀሩት ልክ

ማካሮቭና መሰሎቹ መቺው፣ ማለትም ከኋላ ያለው መዶሻ መሰል ብረት፣ ሳይሳብ ሲተኮስ የመጀመሪያው ምላጭ ረዥምና ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ ሽጉጡ ራሱ መቺውን ስለሚስበው ምላጩ ይቀላል። ከባዱን ስትታገሉ አፈሙዙ ይወርዳል። ለዒላማ ልምምድ መቺውን በአውራ ጣት ስባችሁ ጀምሩ። ከባዱን መልመድ ከፈለጋችሁ በባዶ ብቻ ለአንድ ሳምንት እሱን ሳቡ።

ተሰብስቦ ታች

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ። የፊተኛው ማነጣጠሪያ አናት ከኋለኛው ክፍተት ሁለት ትከሻዎች ጋር እኩል መሆን አለበት። የፊተኛው ዝቅ ካለ አፈሙዙም ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ምን ያህል? ማካሮቭ ላይ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 13 ሳንቲሜትር ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ የ1 ሚሊሜትር ስህተት 25 ሜትር ላይ 19 ሳንቲሜትር ይሆናል። አንድ ስንዝር ማለት ነው! 10 ሜትር ላይ እንኳ ወደ 8 ሳንቲሜትር ይጠጋል።

ይህ ስህተት የሚመጣው ዓይን ወደ ዒላማው ሲሮጥ ነው። ሰው መምታት የሚፈልገውን ማየት ይወዳል። ጥርት ብሎ መታየት ያለበት ግን የፊተኛው ማነጣጠሪያ ነው፤ ዒላማው ትንሽ ቢደበዝዝ ግድ የለም። ዕድሜያችሁ ከ45 አለፍ ካለና ጋዜጣ አርቃችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ ማነጣጠሪያውም ደብዝዞባችኋል። ሽጉጡን ለሠራተኛ ከመውሰድ በፊት ዓይናችሁን ለሐኪም አሳዩ። ክንድ ርቀት ላይ የሚያጠራ መነጽር ካላችሁ አድርጉትና ሞክሩ።

ሌላው ምክንያት የምታነጣጥሩበት ነጥብ ነው። አንዳንዱ ሽጉጥ የተስተካከለው ከጥቁሩ ክብ ግርጌ ስታነጣጥሩ መሐሉን እንዲመታ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ያነጣጠራችሁበትን ራሱን ይመታል። የሁለተኛውን ዓይነት ይዛችሁ ግርጌ ካነጣጠራችሁ ግርጌውን ትመታላችሁ፤ ሽጉጡ የታዘዘውን አደረገ። መሐሉን አነጣጥራችሁ አራት ጥይት ሞክሩና ለዩ።

በጣም ቅርብ፣ 3 እና 4 ሜትር ላይ አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ቢወርድ ደግሞ እርሱት። ማነጣጠሪያው ከአፈሙዙ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ነው።

አየሩ፣ ብርዱ፣ ጥይቱ

«ደብረ ብርሃን ከፍታ ስለሆነ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ወርደህ ብትተኩስ ልክ ይመጣል» ያለኝ ሰው አለ። የተገላቢጦሽ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥይቱ የሚዘገየው ያንሳል። በሽጉጥ ርቀት ደግሞ ልዩነቱ በዓይን አይለይም። የኅዳር ውርጭ ግን እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ጥይቱን ስለሚያቀዘቅዝ ሳይሆን ጣት ስለሚያደነዝዝ። የደነዘዘ ጣት ይነጥቃል። እጃችሁን ጋቢ ውስጥ አሙቁና ተኩሱ።

የጥይት ክብደት ግን ለውጥ ያመጣል፣ ያውም ሰው ከሚገምተው በተቃራኒ። በአንድ ሽጉጥ ቀላልና ፈጣን ጥይት ዝቅ ብሎ ይመታል፣ ከባድና ዘገምተኛው ከፍ ብሎ። ሽጉጡ ሲራገጥ አፈሙዙ ሽቅብ ይነሳል፤ ፈጣኑ ጥይት ብዙ ሳይነሳ ያመልጠዋል። የጥይት ዓይነት በቅርብ ከለወጣችሁ ወደ ድሮው ተመልሳችሁ ሞክሩ።

እውነትም ሽጉጡ ሲሆን

ይሄ ሁሉ ታይቶ፣ ሁለት ተኳሾች በድጋፍ ተኩሰው፣ አሁንም ተሰብስቦ ታች ከመታ ያኔ ብረቱን እንመርምር። የኋለኛው ማነጣጠሪያ ይነቃነቃል? ወድቆ ተጣሟል? ከሌላ ሽጉጥ ተነቅሎ የመጣ ነው? ትከሻዎቹ ተበልተዋል? የኋለኛው ካጠረ ጥይቱ ይወርዳል።

ማካሮቭ ላይ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ከላይኛው ተንሸራታች ብረት ጋር አንድ አካል ነው። እሱን መሞረድ ማለት ሽጉጡን ራሱን መሞረድ ነው። የኋለኛው ግን ተነቅሎ የሚለወጥ ትንሽ ቁራጭ ነው። ስለዚህ መፍትሄው ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ባለሙያ ከፍ ያለ የኋለኛ ማነጣጠሪያ እንዲገጥምላችሁ ነው። መሞረድ የግድ ከሆነ ያ ረዥሙ አዲሱ ይሞረድ፣ በየጥቂቱ፣ እየተተኮሰ እየታየ። ቢበላሽ ሌላ ይገጠማል።

ስንት ከፍ ይበል? የወረደበትን ርቀት በ130 ሚሊሜትር አባዙና ለተኮሳችሁበት ርቀት አካፍሉ። 25 ሜትር ላይ 10 ሳንቲሜትር ከወረደ ግማሽ ሚሊሜትር ትንሽ ፈቀቅ ይላል። አምስት የደብተር ወረቀት ተደራርቦ ማለት ነው። ለዚህች ብዬ ነው እኔ ሞረድ ያነሳሁት።

ልጁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ከአራቱ ሦስቱ ጥቁሩ ውስጥ ናቸው፣ አንዷ አሁንም ታች ግራ። «ይቺን አውቃታለሁ፣ ስትወጣ ነጥቄያታለሁ» አለ፣ ሳልጠይቀው። ከዚያ የእኔን ማካሮቭ አንስቶ ጭረቱን በጥፍሩ ዳሰሰ።

«የእርስዎስ ጋሼ፣ ከፍ ብሎ ከመታ የኋለኛውን ቢሞርዱት አይወርድም?»

ይወርዳል። የክፍተቱ ጥልቀት ግን እያነሰ ይሄድና በመጨረሻ የማነጣጥርበት አይተርፈኝም። ሻዩን ቀዳሁለት።