ፎልደሩ የት ገባ? የኤንኤፍኤስ ችግርና መፍትሄ

የጣናን እንቦጭ የሚያሳዩ የሳተላይት ምስሎች በአንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጠው በርካታ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች በኤንኤፍኤስ (የአንድን ሰርቨር ፎልደር በኔትወርክ በሚያጋራው ሥርዓት) በሚጋሩበት አንድ የባሕር ዳር ቢሮ ውስጥ ይሠራሉ እንበል። «ፎልደሩ ጠፋ» ሲባሉ ሰርቨሩን አጥፍተው ለማብራት አይቸኩሉ። መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ገብተው ያንኑ ስም ይፈልጉ። እዚያ ካለ ችግሩ ያለው በተጠቃሚው ኮምፒውተር ወይም በፈቃድ ላይ ነው። እዚያም ከታጣ ዲስኩን ይጠርጥሩ።

ባልደረባዎ አሁን የፈጠረችው ፎልደር ለእርስዎ «የለም» ይላል፤ ቆይቶ ራሱ ይመጣል

ሊኑክስ «አለ» የሚለውን መልስ ብቻ ሳይሆን «የለም» የሚለውንም በካሽ (በጊዜያዊ ማስታወሻው) ይይዛል። ነባሪው ቅንብር ካልተቀየረ በቀር የፎልደር መረጃ በካሹ ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ይቆያል። ብዙ ጊዜ መታገሥ ይበቃል። መታገሥ የማይችል ፕሮግራም ካለ ማውንት ሲያደርጉ (የሰርቨሩን ፎልደር ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያስሩ) «ሉክአፕካሽ» የሚለውን ምርጫ «ፖዚቲቭ» ያድርጉት፤ ከዚያ በኋላ የተገኙ ስሞች ብቻ ይያዛሉ። ካሹን በሙሉ መዝጋት ግን አልመክርም፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ወደ ሰርቨሩ ስለሚሄድ ሥራው ሁሉ ይንቀራፈፋል።

«ስቴል ፋይል ሃንድል» (ጊዜው ያለፈበት የፋይል መለያ) የሚል መልእክት

ኮምፒውተሩ ፎልደሩን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን ሰርቨሩ በሰጠው መለያ ነው። አንድ ሰው ፎልደሩን አጥፍቶ በዚያው ስም ሌላ ከፈጠረ የቀድሞው መለያ ዋጋ የለውም። ከፎልደሩ ወጥተው እንደገና ይግቡ። ካልሆነ ማውንቱን ፈትተው መልሰው ያስሩ።

ስሞቹ ወዲያው ይታያሉ፣ ዝርዝሩ ግን ይዘገያል

ዝርዝሩን የባለቤቶቹን ስም በቁጥር በሚያሳየው ምርጫ ይጥሩት። ከፈጠነ ጥፋቱ የኤንኤፍኤስ አይደለም፤ ቁጥሩን ወደ ስም የሚቀይረው አገልግሎት ነው፣ እሱን ያስተካክሉ። አሁንም ከዘገየ ምስሎቹ አንድ ፎልደር ውስጥ ተከማችተዋል፤ በዓመትና በወር ይከፋፍሏቸው።

የቡድኑ አባል ሆኖ ሳለ «ፈቃድ የለም»

በተለመደው የኤንኤፍኤስ ማረጋገጫ የአንድ ተጠቃሚ ቡድኖች ከ16 በላይ ከሆኑ ትርፎቹ ወደ ሰርቨሩ አይተላለፉም። ቡድኖቹን ሰርቨሩ ራሱ እንዲፈልግ «ማኔጅ ጂአይዲስ» የሚለውን ምርጫ ያብሩ።

መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ፎልደሩ ባዶ ነው

ከሁሉም የሚያሰጋኝ ይህ ነው። ሰርቨሩ ተነሥቷል፣ የምስሎቹ ዲስክ ግን ገና አልታሰረም፤ ኤንኤፍኤስ ያጋራው ዲስኩ የሚታሰርበትን ባዶ ፎልደር ነው። ቀድሞ ማውንት ያደረጉ ኮምፒውተሮች ብዙውን ጊዜ የስቴል መልእክቱን ያያሉ፤ እንደ አዲስ የተነሡት ግን ምንም ስሕተት ሳያዩ ባዶውን ይከፍታሉ። አደጋው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የተቀመጠ ሥራ በሰርቨሩ የሥርዓት ዲስክ (ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ባለበት) ላይ ያርፍና እውነተኛው ዲስክ ሲታሰር ከሥሩ ይደበቃል።

ስለዚህ ሁሉም ሰው መጻፍ እንዲያቆም ወዲያውኑ ይንገሩ። በሰርቨሩ ላይ ዲስኩ መታሰሩን በ«ፋይንድማውንት» ትእዛዝ ይመልከቱ። ካልታሰረ ከማሰርዎ በፊት ባዶ ወደመሰለው ፎልደር ገብተው በዚያ ሰዓት የተጻፈውን ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ከዚያ ዲስኩን አስረው ማጋራቱን በ«ኤክስፖርትኤፍኤስ» ትእዛዝ ያድሱ፤ በኮምፒውተሮቹም ላይ ማውንቱን ፈትተው መልሰው ያስሩ። እንዳይደገም የሚጋሩት ፎልደሮች በተዘረዘሩበት የሰርቨሩ ኤክስፖርትስ ፋይል ላይ «ኤምፒ» የሚለውን ምርጫ ይጨምሩ፤ ዲስኩ ካልታሰረ ሰርቨሩ ፎልደሩን ጨርሶ አያጋራም።