ወደ ጥንቱ ጎጃም የሚመልስ የጊዜ ጉዞ ልብ ወለድ እንዴት ይጻፋል?

ያለፈውን ዘመን በዓይን የማየት፣ የሚመጣውንም ቀድሞ የመድረስ ምኞት ከሰው ልብ ወጥቶ አያውቅም። ጎጃም ላደገ ሰው ደግሞ ምኞቱ እጅግ ቅርብ ነው፤ ለጋብቻ ሲባል ዘሩን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ቤተሰብ፣ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የሚዘልቅ የስም መንገድ በቃሉ ይዟልና። በዚህ ምድር ላይ የጊዜ ጉዞ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከዚሁ የስም መንገድ ቢጀምር ይሻለዋል።

ስለ ማሽኑ ብዙ አትድከሙ። ሳይንሱ ወደ ፊት መሄድን በጥቂቱ ይፈቅዳል፤ አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ መሠረት የሚንቀሳቀስ ሰዓት ከቆመው ይልቅ ቀስ ብሎ ይቆጥራል፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በመንገደኞች አውሮፕላን ዓለምን የዞሩ የአቶሚክ ሰዓቶችም ከምድር ከቀሩት ጋር ሲነጻጸሩ በቢሊዮንኛ ሰከንድ የሚለካ ልዩነት አሳይተዋል። ወደ ኋላ የተጓዘ ግን እስካሁን አልታየም። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ2009 ከወደፊቱ ዘመን ለሚመጡ እንግዶች ግብዣ አዘጋጅቶ፣ የጥሪውን ወረቀት ያወጣው ግብዣው ካለፈ በኋላ ነበር፤ አንድም ሰው አልመጣለትም። እንግዲህ መንገደኛችሁን በአንድ ዋሻ አስገብታችሁ በሌላ ዘመን ብታወጡት አንባቢ አይቀየማችሁም።

ድካሙ ያለው ዘመኑን በመምረጥና በማጥራት ላይ ነው። ለምሳሌ 1881 ዓ.ም.ን እንውሰድ። ጎጃምን የሚገዙት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ዛሬ ደብረ ማርቆስ የምንላት ከተማ የቀድሞ ስሟ መንቆረር ስለሆነ፣ አንዳንድ ሽማግሌ በዚያው ስም ቢጠራት ያምራል። መንገደኛው ዓመተ ምሕረቱን ቢጠይቅ ከገበሬ አፍ ቁጥር አይጠብቅ፤ የሚነገረው «ዘመነ ማቴዎስ» ነው። ይህን ለማስላት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት ማካፈል ይበቃል፤ ቀሪው አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከሆነ ማርቆስ፣ ሦስት ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው። ታሪካችሁ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ላይ ከወደቀ ጳጉሜን ስድስት ቀን መሆኗን አትርሱ።

ቀጥሎ ከመልክዓ ምድሩ ላይ ያልነበረውን ንቀሉ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስለሆነ፣ በ1881 ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያለ መንደር በባሕር ዛፍ ታጥሮ መታየት የለበትም፤ በቦታው ወይራ፣ ግራርና ኮሶ ይቁሙ። ወደ ሩቅ የምትሄዱ ከሆነ ወጡም ይለወጣል። በርበሬ፣ በቆሎና ድንች መነሻቸው የአሜሪካ አህጉር ነውና ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት በተቀመጠ ማዕድ ላይ ቀይ ወጥ ማቅረብ ትልቅ ስሕተት ነው። እኔ እንደ አንባቢ የማሽኑን አሠራር ሳልጠይቅ አልፋለሁ፤ እንዲህ ያለውን ወጥ ግን አላልፍም።

ገንዘቡ ለጸሐፊ የተዘጋጀ ወጥመድ ነው። በገበያው ላይ የሚዞረው አሞሌ ጨውና የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር ነው። ብልህ ነኝ ባይ ወጣት ዘመኑን ለማወቅ ጠገራውን ገልብጦ ቢያይ 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት ያነባል፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ብሩ በዚያው ዓመት ሲቀረጽ ኖሯልና። ወጣቱ ከመቶ ዓመት በላይ ተሳስቶ ሲደነግጥ፣ ጨው የምትሸጠው ሴት ብሯን ከእጁ ነጥቃ በጥርጣሬ ታየዋለች።

ከዚያ በኋላ ከአንድ የአገሬው ሰው የማይቀረው ጥያቄ ይመጣል።

«አንተ ልጅ፣ የማን ወገን ነህ?»

«የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፣ አያ።»

«የዚህማ ብትሆን አባትህን አውቀው ነበር።»

ለዚህ ጥያቄ መልሱን ሳታዘጋጁ አንድ ምዕራፍ እንኳ አትጻፉ። መንገደኛው የአባቱን ስም ቢናገር የሚያውቀው የለም፤ አምስተኛውን አያቱን ቢጠራ ግን ሰውየው ምናልባት ከፊቱ የቆመው ራሱ፣ ያውም ገና ያላገባ ጎረምሳ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሕጋችሁን መወሰን ግድ ይላችኋል፤ ያለፈው ይለወጣል ወይስ አይለወጥም? ክፉ ቀን የተባለው የረሃብ ዘመን መነሻ የሆነው የከብት በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ገብቶ በሬውን እየጨረሰ ነው። መንገደኛው መድኃኒት ባይኖረውም መንጋን ለይቶ መጠበቅ እንደሚጠቅም ያውቃል፤ የማን ልጅ እንደሆነ ያልታወቀ ሰው «በሬያችሁን ከጎረቤት በሬ ጋር አታጥምዱ፣ አንድ ወንዝም አታጠጡ» ቢላቸው ግን ማን ይሰማዋል? ያለፈው አይለወጥም የምትሉ ከሆነ ምክንያታችሁ ይኸው ይሁን፤ ከሰማይ የሚወርድ ከልካይ አትጨምሩ። ይለወጣል ካላችሁም አንድ በሬ በመትረፉ የትኛው ቤት ሳይሰደድ እንደቀረ፣ በዚያም ሳቢያ ማን ማንን እንዳገባ እስከ መንገደኛው ልደት ድረስ በወረቀት ላይ ዘርዝሩ።

ረቂቁ ሲያልቅ የአካባቢውን ነገር ለሚያውቅ አንድ አዛውንት አንብቡላቸው። ስለ ቋንቋው ውበት አትጠይቋቸው፤ ዛፉን፣ ምግቡን፣ መንገዱንና የአጠራሩን ክብር ብቻ እንዲያርሟችሁ ለምኗቸው። «አንተ» ያላችሁትን ሽማግሌ «እርስዎ» በል ካሏችሁ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን አስተካክሉ።